ሚኒስትር ሳይሆኑ ሠላሳ ስምንት ዓመት በምክር ቤት

የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሠራተኛ በር ሲያንኳኳ የቤቱ እመቤት ሥራ ላይ ብትሆን፣ ወይም ልጇን ይዛ ሐኪም ቤት ሄዳ ብትሆን ምን ይደረጋል? በብሪታንያ ቀድሞ የጋዝና የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን ወደ ሰው ቤት የማስገባት ሰፊ ሥልጣን ነበራቸው። በ1954 የወጣው ሕግ ግን ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወይም ያለ ዳኛ ትእዛዝ መግባትን ከለከለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሕጉን ረቂቅ ለምክር ቤት አቅርበው ያጸደቁት ወይዘሪት አይሪን ዋርድ የተባሉ የወግ አጥባቂ ፓርቲ እንደራሴ ናቸው።

ወይዘሪት አይሪን በ1895 ተወልደው በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ በኒውካስል ከተማ ተማሩ። በ1924 እና በ1929 ሞርፔዝ በተባለው የከሰል ማዕድን አካባቢ ለምርጫ ቀርበው ሁለት ጊዜ ተሸነፉ። በ1931 ግን መርከብ በሚሠራባት በዎልሴንድ አሸነፉ። የጣሉትም ተራ ተወዳዳሪ አልነበረም። በብሪታንያ የሚኒስትሮች ካቢኔ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጡትን ሴት፣ የሠራተኛ ፓርቲዋን ማርጋሬት ቦንድፊልድን ነበር።

በ1938 ያጸደቁት የመጀመሪያ ሕጋቸው ስለ አረጋውያን ነው። ጧሪ ያጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በድሆች መጦሪያ ተቋማት ምግብና አልጋ ያገኙ ነበር እንጂ በእጃቸው ገንዘብ አልነበራቸውም። ቴምብር ገዝቶ ለልጅ ደብዳቤ ለመላክ፣ ትንሽ ትምባሆ ለማጨስ እንኳ የሰው እጅ ማየት ነበረባቸው። አዲሱ ሕግ ለእነዚህ ሰዎች መጠነኛ የኪስ ገንዘብ እንዲሰጣቸው አደረገ። ነገሩ ለአንዳንዱ ኢምንት ይመስል ይሆናል፤ ጥቂት ሳንቲም በመቀነቷ የቋጠረች እናት ግን ትርጉሙን ታውቀዋለች።

ከሁሉ የረዘመው ትግላቸው ግን ስለ ደመወዝ ነው። በዚያን ዘመን በብሪታንያ አንዲት መምህርት ወይም የመንግሥት ጸሐፊ ከወንድ ባልደረባዋ ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ሠርታ የምታገኘው ክፍያ ከእሱ ያነሰ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በቦምብ ለቆሰለ ሰው የሚከፈለው ካሣ እንኳ ለሴት ያንስ ነበር፤ ይህም የተስተካከለው የልዩ ልዩ ፓርቲ ሴት እንደራሴዎች ተባብረው ከታገሉ በኋላ በ1943 ነው። በ1944 ቴልማ ካዛሌት ኪር የተባሉ ሌላ የወግ አጥባቂ ፓርቲ ሴት የመምህራንን ደመወዝ እኩልነት አቅርበው በአንድ ድምፅ ብልጫ ቢያሸንፉ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል ጉዳዩን በመንግሥታቸው ላይ የእምነት ድምፅ የሚሰጥበት አድርገው በዚያው ሳምንት አስሻሩት።

የተቃዋሚዎቹ ዋና ምክንያት ወንድ ቤተሰብ ያስተዳድራል የሚል ነበር። ታዲያ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገው ሴት በየትኛው ደመወዝ ትተዳደር? ሚስትም ልጅም የሌለው ወንደላጤስ ለማን ብሎ ነው የአባወራ ደመወዝ የሚቀበለው? ይህን የሚመልስ አልተገኘም።

ወይዘሪት አይሪን በ1945 ምርጫ ተሸንፈው ወጥተው ነበር፤ በ1950 ከታይንማውዝ ተመርጠው ተመለሱ። በማርች ወር 1954 ከሰማንያ ሺህ የማያንሱ ሰዎች የፈረሙበት የእኩል ደመወዝ አቤቱታ ወደ ምክር ቤቱ ሲሄድ፣ በፈረስ በሚጎተተው ሠረገላ ላይ ከፓትሪሺያ ፎርድ ጋር ተቀምጠው ታዩ። አብረዋቸው የነበሩት የሠራተኛ ፓርቲዎቹ ኢዲት ሰመርስኪልና ባርባራ ካስል ናቸው። በሌላ ቀን በምክር ቤቱ አዳራሽ ፊት ለፊት የሚሟገቱ ሴቶች ነበሩ። ሥልጣን ላይ የነበረው የወይዘሪት አይሪን የራሳቸው ፓርቲ እንደ ነበረ ሲታሰብ ደግሞ፣ ሠረገላው ላይ መውጣቱ ለእርሳቸው ይበልጥ ይከብድ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

በማግሥቱ ዓመት መንግሥት ለሲቪል ሠራተኞቹ እኩል ደመወዝ በየዓመቱ ደረጃ በደረጃ እንዲከፈል ወሰነ፤ አፈጻጸሙም በ1961 ተጠናቀቀ። ይሁን እንጂ ይህ በፋብሪካና በሱቅ የምትሠራውን ሴት አልነካም። ለእርሷ የደረሰላት የ1970ው የእኩል ክፍያ ሕግ ሲሆን፣ ያወጡትም ያን ጊዜ ሚኒስትር የነበሩት የሠረገላ ጓደኛቸው ባርባራ ካስል ናቸው። የወግ አጥባቂ ፓርቲ መንግሥት ለራሱ ሠራተኞች የፈቀደውን ለሌሎቹ ሴቶች ማዘግየቱ በእኔ አስተያየት ሊነቀፍ የሚገባው ነው።

ወይዘሪት አይሪን በጦርነቱ ጊዜ በምሥጢር ወደ ጠላት ወረዳ የተላኩ ሴቶች ታሪክ ተሸፍኖ እንዳይቀር መንግሥትን በጥያቄ ሲወተውቱ ዓመታት አሳልፈዋል። በ1955 የዴምነት ማዕረግ ቢያገኙም ሚኒስትር ሆነው አያውቁም። ፓርቲያቸውን ሳይለቁ የፓርቲያቸውን ሹማምንት የሚያስቸግሩ ነበሩና ይህ ምናልባት አያስደንቅም። በ1968 ደግሞ፣ በ73 ዓመታቸው፣ በበጀት ሕግ ላይ ለክርክር የተሰጠው ጊዜ ማጠሩን በመቃወም በአዳራሹ መካከል ቆመው ድምፅ አሰጣጡን አግደው፣ ለጥቂት ቀናት ከስብሰባ ታገዱ።

በ1974 ከምክር ቤቱ ሲሰናበቱ በጠቅላላው ሠላሳ ስምንት ዓመት ያህል አገልግለው ነበር። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ይህን ያህል የቆየች ሴት አልነበረችም። ከዚያም ወደ ላይኛው ምክር ቤት ወደ ሎርዶቹ ገቡ። የእኩል ክፍያው ሕግ በ1975 መጨረሻ ሥራ ላይ ሲውል በሕይወት ነበሩ፤ በ1980 በ85 ዓመታቸው አረፉ።