ያውቁ ኖሯል? የደብረ ታቦር ነፋስ ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ያንሳል

ደብረ ታቦር ላይ የሚነፍስ ነፋስ ፍጥነቱ በባሕር ዳርቻዋ ምፅዋ ላይ ከሚነፍሰው ጋር እኩል ቢሆን እንኳ፣ ሰንደቅ ዓላማን የሚገፋበት ኃይል በሩብ ያህል እንደሚያንስ ያውቁ ኖሯል? ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ሳስቶ እፍጋቱ ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ በሚዘልቀው የጉና ተራራ ላይ ደግሞ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ይቀራል። የደጋ ነፋስ ይበረታል የሚሉም የግድ አልተሳሳቱም፤ ግፊቱ በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ ፍጥነቱ 15 በመቶ ያህል ቢጨምር የጎደለው ሩብ ይካካሳል፣ እጥፍ ቢሆን ደግሞ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ይህን ነፋስ በአኒሜሽን ለማሳየት ቢፈልጉ ግን፣ የሚሠሩበት ሶፍትዌር የቦታውን ከፍታ አያውቅም። ለምሳሌ በነፃ የሚገኘው ብሌንደር የነፋሱን ጥንካሬ በቁጥር እንዲሞሉ ይጠይቅዎታል እንጂ ቦታው ደጋ ይሁን ቆላ አይጠይቅም። እውነተኛ ነፋስ አንዴ በርትቶ አንዴ ስለሚላላም ሶፍትዌሩ መለዋወጥን የሚጨምርበት የተለየ ቁጥር አለው። ለእንዲህ ያለው መለዋወጥ በሰፊው ከሚሠራባቸው ስልቶች አንዱን አሜሪካዊው ኬን ፐርሊን በ1983 እ.ኤ.አ. ቀመረው፤ በ1997 እ.ኤ.አ. የኦስካር አካዳሚን የቴክኒክ ሽልማት አስገኝቶለታል። የጉናን ጓሳ ሣርና የጅብራ ተክል በአንድ ትዕይንት ካሳዩ ለሁለቱ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ አይስጡ፤ ጓሳው ይተኛል፣ የጅብራው ግንድ ግን እምብዛም አይነቃነቅም።