የቆላዋ ዋልያ

አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2006 ከተመሠረተ ሃያ ዓመት ሞላው። ስሙ በዓለም የተሰማው በ2016፣ በካሜራ የተነሡት አንበሶቹ ወሬ ሲወጣ ነው። ከሱዳኑ ድንድር ብሔራዊ ፓርክ ጋር የሚዋሰነው የቋራና የመተማ ቆላ በአንበሳ ቢነሣ ይገባዋል። እኔን የምትይዘኝ ግን ዋርካ ላይ የምትውለው አረንጓዴ እርግብ ናት።

በዚህ ቆላ የእርግብ ዘር ብዙ ነው። መሬት ለመሬት እህል የሚለቅሙትን ዋኖሶች ሁሉም ያውቃቸዋል፤ እነርሱን ልለፋቸው። መንቁሯ ጥቁር፣ ክንፏ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያላት ትንሿ የጫካ ዋኖስ የሳይንስ ስሟ አቢሲኒያን የያዘ ነው፤ ቀስ ብሎ ጀምሮ እየተጣደፈ የሚሄደው ድምፅዋ ከቁጥቋጦ ውስጥ ይሰማል።

አረንጓዴዋ ግን ሌላ ናት። ራሷና ደረቷ ግራጫና አረንጓዴ ድብልቅ፣ ሆዷ ደማቅ ቢጫ፣ ትከሻዋ ላይ ወይን ጠጅ ቀለም አለ። ኑሮዋ በፍሬ፣ ከሁሉም በላይ በዋርካና በሾላ ፍሬ ነው። ቅጠል መስላ ስለምትቀመጥ ዛፉ ባዶ ይመስላል፤ ጠጋ ሲሉት መንጋው ግር ብሎ ይነሣል። ከሴኔጋል እስከ ሶማሊያ፣ ባሕር ተሻግራም በየመንና በኦማን ትገኛለች።

ስሟ የመጣው ከእኛ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ፣ ዛሬ መተማ ባለበት አካባቢ አልፎ፣ በ1772 ሱዳን ውስጥ ሴናር ደረሰ። በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፍ እርግቧን «ዋልያ» አላት። በ1793 የተፈጥሮ ተመራማሪው ማየር ያንኑ ቃል የላቲን ስሟ አደረገው። በ1835 ደግሞ ሌላው ተመራማሪ ሩፔል የሰሜን ተራሮችን የዱር ፍየል በዚያው ድምፅ ሰየመ። ዛሬ ዋልያ ሲባል ቀንድ እንጂ ክንፍ የሚታየው ሰው የለም። ብሩስ ቃሉን ከቆላ ሰው አፍ እንደሰማው አምናለሁ፤ በመንገዱ የሰማውን ስም መያዝ ልማዱ ነበር።

ከጉዞው ስለተገኙት ሥዕሎች ግን ልከራከርለት አልችልም። አብሮት የመጣው የቦሎኛው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ የአገራችንን ዕፅዋትና እንስሳት በብዛት ሥሎ፣ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። በ1770 እስከ ግሽ ዓባይ አብሮት ደርሶ ሳለ፣ ብሩስ በመጽሐፉ ያንን ጉዞ ብቻውን ያደረገው አስመሰለ፤ የሥዕሎቹንም ክብር ለራሱ ወሰደ። ባሉጋኒ በሰው አገር ቀርቶ ብድሩን የሚጠይቅለት አልነበረም። እርግቧ በእንግሊዝኛ ዛሬም የምትጠራው በብሩስ ስም ነው፤ ይህ ያንገበግበኛል።

የእርግቧ መዋያ የሆኑት መተማና ቋራ ሰሊጥና ጥጥ አብቃይ ናቸው፤ እርሻው በሰፋ ቁጥር ጫካው ይሸሻል። አውራ ዋርካ ለጥላውና ለሽምግልናው ሲባል ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ የወንዝ ዳሩ ሾላ ግን ጠበቃ የለውም። የፓርኩ ጠባቂዎች አንበሳ ሲቆጥሩ በየወንዙ ዳር የቆሙትን ሾላዎችም ቢቆጥሩልን፣ የእርግቧን ነገር ከዚያ እናነበው ነበር።