የአህያዋ ስንቅ

አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ እህል በረንዳ በሚወስደው መንገድ ጠዋት ጠዋት ጭነቷ የተራገፈላት አህያ እግሯን ከፈት አድርጋ ትቆማለች። ጎኗ እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ ይላል። ጆንያው የላጠው ትከሻዋ ላይ ዝንብ ሰፍሯል። ጥቂት የረገፈ ገለባ አግኝታ አንገቷን ስትደፋ ባለቤቷ ይጠራታል፤ ሌላ ጭነት መጥቷል።

ያ ትንፋሽ ይለካል። ሰውነት 1 ሊትር ኦክስጅን ሲጠቀም 20 ኪሎ ጁል ያህል ጉልበት ያቃጥላል። ስለዚህ እንስሳው ምን ያህል እንደተነፈሰ ያወቀ ሰው ምን ያህል መብላት እንዳለበትም ያውቃል። በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የሐሩር ክልል የእንስሳት ሕክምና ማዕከል የሠሩት ዶክተር አን ፒርሰን የሙያ ዘመናቸውን የሰጡት ለዚህ ስሌት ነው። ኔፓል ውስጥ ለሥራ የተጠመዱ በሬዎችንና ጎሾችን ድካም በቁጥር አስቀመጡ።

ቀጥለው ወደ አህያ ዞሩ። እ.ኤ.አ. በ1991 ከባልደረባቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት አህዮችንና ድንክ ፈረሶችን ድርቆሽና ጭድ እየመገቡ አነጻጸሩ። አህያ ሻካራ መኖን ከድንክ ፈረስ በተሻለ ፈጭታ ትጠቀምበታለች። የበረሃ ዘር ናት፤ በጥቂቱ መኖርን፣ የተረፈውንም በስብ መልክ ማስቀመጥን ተክናበታለች።

ይህ ቁጠባ እንግሊዝ አገር ሲደርስ በሽታ ሆነ። ሥራ የላትም፣ መስኩ ለምለም ነው፤ ስቡ አንገቷ ላይ ይከመራል፣ ሰኮናዋ ይታመማል። የወፈረች አህያ በድንገት መብላት ካቆመች ደግሞ የተጠራቀመው ስብ ወደ ደሟ ይጎርፍና ሊገድላት ይችላል።

መርካቶ ውስጥ ያው ተፈጥሮ ተገልብጦ ይታያል። በዓለም ብዙ አህያ ያላት አገር ኢትዮጵያ ናት። የእኛ አህያ ክብደቷ ከመቶ ኪሎ ብዙም አይዘልም፤ የሚጫንባት ግን አንዳንዴ የራሷን ክብደት ያህላል። ፒርሰን ከመንግሥቱ ዓለማየሁ፣ ከአጋዤ ተስፋዬና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 በኢትዮጵያ ከተሞች ዙሪያ ያሉ አህዮችን አጠቃቀምና አያያዝ አጥንተዋል። በደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲም ፕሮፌሰር ፍስሐ ገብረአብ ለአህያ ጤና ብዙ ደክመዋል።

ችግሩ የጭነቱ ክብደት ብቻ አይደለም፤ ጊዜም ነው። ጭድ ጉልበቱ ጥቂት ስለሆነ በብዙ ሰዓት ማኘክ ይሞላል። ቀኑን ሙሉ ስትመላለስ የዋለች አህያ የምትበላበት ሰዓት የላትም። የጎደለውን ከገዛ ሥጋዋ ትከፍላለች፤ የጎድን አጥንቷ የሚቆጠረው ለዚህ ነው።

ይህ ሕግ ሰውንም አይምርም። እዚያው ራጉኤል ሥር ተሸካሚው ኩንታል ተሸክሞ ሲሮጥ ነጋዴው ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ይውላል። በአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች መካከል ከልክ በላይ የሚከብዱት እ.ኤ.አ. በ2000 3 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 8 በመቶ ደረሱ። ለረሃብ ዘመን የተሠራ ሰውነት ነው፤ ጥጋብና መቀመጥ አብረው ሲመጡበት ይጨነቃል።

ስለ አህያ አንድ ጊዜ በአንድ ድምፅ ተነስተን ነበር። ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተው የአህያ ቄራ እ.ኤ.አ. በ2017 በሕዝብ ቁጣ ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024ም እዚሁ አዲስ አበባ የተሰበሰቡት የአፍሪካ መሪዎች ለቆዳዋ ሲባል መታረዷን ለ15 ዓመታት አገዱ። ተገቢ ነው፤ አንድ ውርንጭላ ለመውለድ 12 ወር ያህል የምታረግዝ እንስሳ በቶሎ አትተካም። ከመታረድ ያዳናት ርኅራኄ ግን በቁሟም ሊደርስላት ይገባል።

ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጭነቷን ከክብደቷ ጋር ማመጣጠን፣ ከጆንያው ሥር ወፍራም ምንጣፍ ማንጠፍ፣ እኩለ ቀን ላይ አራግፎ ውሃ ማጠጣት፣ በጭዱ ላይ ፉርሽካ ወይም ፋጉሎ መጨመር ነው። ባለ አህያውም ይጠቀማል፤ የልጆቹ እንጀራ በእሷ ጀርባ ላይ ነውና።

አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ሲሉ ጥፋተኛውን ትቶ ሌላውን የሚመታውን ሰው መውቀሳቸው ነው። እኛ ግን ዘመናችንን ሁሉ አህያዋን ስንመታ ኖረናል። ትንፋሿን የለኩት ሰዎች ሥራ የሚነግረን ጥፋቱ ያለው በዳውላው ላይ መሆኑን ነው።