ስለ ጠመንጃ አቀማመጥ፣ ይልቁንም ስለ ክላሽ መቆለፊያ

ከሐረር ተነሥቶ የማርዳን በር ያለፈ መንገደኛ፣ የጅጅጋ ሜዳ ወለል ብሎ በታየው ጊዜ ከግመሉና ከበጉ መንጋ ቀጥሎ ዓይኑን የሚይዘው በእረኛው ትከሻ ላይ የተነገተው ጠመንጃ ነው። ሶማሌው ቆሪ ይለዋል፤ ቆሪ እንጨትም ማለት ነው። ስለ አተኳኮሱ የሚተርክ ሞልቷል፤ ማታ ቤት ሲገባ የት እንደሚያድርና እንዴት ባለ ሁኔታ እንደሚያድር ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መያዝን ከልክሏል። ጠመንጃው በቁልፍ፣ ጥይቱም በሌላ ሣጥን ተለይቶ፣ ቁልፉ ሕፃን ከማያገኘው ስፍራ መዋል እንዳለበት አስተዋይ ሁሉ ያውቀዋልና አላራዝምበትም።

እኔ የማደንቃት በክላሽ ቀኝ ጎን የተጋደመችውን ረጅሟን የብረት መቆለፊያ ነው። ወደ ላይ ስትወጣ ትቆልፋለች፤ ከመካከል ስትቆም በተከታታይ፣ ወደ ታች ስትወርድ አንድ በአንድ ታስተኩሳለች። ይህን ወታደር ሁሉ ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን፣ ወደ ላይ በወጣች ጊዜ ምላጩን ከመያዟ ሌላ፣ ማቀባበያው የሚመላለስበትን ክፍተት እርሷው መሸፈኗን ነው፤ ስለዚህ የዚያን ሜዳ የበጋ አቧራ ከጠመንጃው ሆድ የምትከለክል መዝጊያ ናት። በዚሁ በጎነቷ ውስጥ ግን አንድ አደጋ ተሰውሯል፤ ይኸውም እርሷ ተቆልፋ ሳለች ማቀባበያው እስከ መጨረሻው ስለማይሳብ፣ ባለቤቱ «ቆልፌዋለሁ» ብሎ ልቡን ያሳረፈበት ጠመንጃ ውስጡ ያልተመረመረ መሆኑ ነው።

በአንድ የካራን ዝናም ወቅት ከጅጅጋ ወጣ ብሎ ባለ መንደር በእንግድነት ሳለሁ፣ ሻሂ እየጠጣን ጨዋታው ስለ መሣሪያ ሆነና የቤቱ ጌታ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ ክላሻቸውን ከግድግዳው ምስማር አውርደው ካዝናውን ነቀሉና «እንካ፣ ባዶ ነው» አሉኝ።

«አዴር፣ ይፈቅዱልኛል?» ብዬ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ወደ ሜዳው መልሼ፣ መቆለፊያዋን አወረድሁና ማቀባበያውን ሳብሁት፤ የጎረሰው ጥይት ፈናጥሮ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ሽማግሌው የልጅ ልጃቸውን ተመለከቱ እንጂ አልተናገሩም። ካዝና መንቀል በካዝናው ያሉትን ይወስዳል፤ አስቀድሞ የጎረሰውን ግን አይነካም። ቅደም ተከተሉን የሚያዛባም ይበድላል፤ ካዝናው ሳይነቀል ማቀባበያው ከተሳበ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይጎርሳልና። አስቀድሞ ካዝናውን መንቀል፣ ቀጥሎ መቆለፊያዋን አውርዶ መሳብ፣ ጥይቱ የሚያርፍበትን ጎሬ በዓይን አይቶ በጣትም ዳስሶ ማረጋገጥ፣ በመጨረሻም ለአቧራው ስንል መቆለፊያዋን መልሶ ማውጣት ይገባል።

ስለ ዘይቱም አንድ ቃል ልጨምር፤ ስስ ሆኖ ይቀባ፣ የበዛ ዘይት አቧራ ይሰበስባልና። ጥይትን ለዓመታት በቆዳ ዝናር ሰክቶ የሚተው ሰው ናሱ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ሲያገኘው ቆዳውን እንጂ ፋብሪካውን አይውቀስ።

የእኒያ ሽማግሌ አፈሙዝ በጨርቅ ተወትፎ ነበር፤ አቧራ እንዳይገባ ብለው ነው። ጨርቁ ግን እርጥበትን አምቆ ብረቱን ያዝጋል፤ ተረስቶ ከተተኮሰም አፈሙዙን ሊሰነጥቅ ይችላል። ይህን ስነግራቸው ነቅለው ከእሳቱ ጣሉት፤ ጥይቱንም በመሐረባቸው ቋጥረው ሣጥን ሊያስመጡ ልጃቸውን ጠሩ።