የቁልፍ መክፈቻ መሣሪያ ገበያ፦ በብዛቱ ወይስ በብረቱ?

ነጋዴ ማታ ሱቁን ዘግቶ ጓጉንቸሩን «ቀጭ» ካደረገ በኋላ አንዴ ጎተት አድርጎ ሳይሞክረው አይሄድም። ጎትቶት እምቢ ካለው እፎይ ብሎ ወደ ቤቱ ያመራል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ግን ከሥራ መልስ ያንኑ ዓይነት ጓጉንቸር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ መክፈቻውን ወደ ጎን ብለው፣ በሁለት ቀጫጭን ብረቶች ሊከፍቱት የሚታገሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ሌቦች አይደሉም። ጓጉንቸሩን በገዛ ገንዘባቸው የገዙ፣ ሌላው ሰው በዳማ ወይም በቼዝ እንደሚዝናና ሁሉ በዚህ የሚዝናኑ ናቸው።

ጨዋታው «ሎክስፖርት» ይባላል። ጀርመናውያን በ1997 ሐምቡርግ ላይ ማኅበር አቋቁመውለታል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በኔዘርላንድስ የተጀመረውና «ቱል» በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ማኅበርም በአሜሪካ ጭምር ቅርንጫፎች አሉት። አማተሮቹ ሁለት የማይጣሱ ደንቦች አሏቸው። አንደኛ፣ የራስ ያልሆነ ወይም ባለቤቱ ያልፈቀደው ቁልፍ አይነካም። ሁለተኛ፣ የራስም ቢሆን በር ላይ ተገጥሞ በሥራ ላይ ያለ ቁልፍ አይነካም። ምክንያቱም በሙከራ ላይ ሊበላሽና ባለቤቱን ደጅ ሊያሳድረው ይችላል።

ፈላጊ ባለበት አቅራቢ አይጠፋምና ለዚህ ጨዋታ የሚሆኑ መሣሪያዎችን ብቻ አምርተው የሚያድሩ ድርጅቶች ተፈጥረዋል። በጀርመን ቦን ከተማ የሚገኘው መልቲፒክ፣ የካናዳው ስፓሮውስ፣ የአሜሪካዎቹ ፒተርሰንና ሳውዝኦርድ በገበያው ስማቸው ከሚነሳው መካከል ናቸው። ከእነርሱ ጎን ደግሞ የአምራቹ ስም እንኳ ያልተጻፈባቸው፣ በጥቁር ቦርሳ ታሽገው በርካሽ የሚሸጡ ስብስቦች አሉ።

ጀማሪው ገዢ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ስብስብ ሰባት ወይም ስምንት ፍሬ መሣሪያ ይዟል። ሌላው በዚያው ዋጋ፣ አንዳንዴም ባነሰ፣ ሠላሳ ፍሬ ይዟል። ፍሬ በፍሬ ለሚያሰላ ሰው ጥያቄው ቀላል ነው፤ ሠላሳው ይሻላል። ሆኖም በዚህ ስሌት የገዛ ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ ይከስራል።

የቁልፉ ሆድ ሲከፈት

ብዛት ለምን እንደማይረባ ለመረዳት በቅድሚያ የቁልፉን ሆድ ዕቃ ማየት ያስፈልጋል። ዛሬ በዓለም ገበያ በብዛት የሚሸጠው ጓጉንቸርና የበር ቁልፍ አሜሪካዊው ሊነስ ዬል (ልጅየው) በ1861 እና በ1865 የፈጠራ መብት ያወጣበትን አሠራር የተከተለ ነው። መክፈቻው በሚገባበት ተሽከርካሪ ሲሊንደር ላይ አራት፣ አምስት ወይም ስድስት ቀዳዳዎች በተርታ ተበስተዋል። በየቀዳዳው ውስጥ በሙያው ቋንቋ ፒን የሚባሉ ሁለት ትናንሽ የብረት ዘንጎች አንዱ በሌላው ላይ ተቀምጠው ከበላያቸው ሞላ ይጫናቸዋል። የላይኛው ፒን ግማሹ ሲሊንደሩ ውስጥ፣ ግማሹ ደግሞ ከሲሊንደሩ ውጭ ስለሚሆን ሲሊንደሩ እንዳይዞር ጠፍሮ ይይዘዋል። ትክክለኛው መክፈቻ ሲገባ ጥርሶቹ ፒኖቹን በየልካቸው ያነሷቸዋል። የሁለቱ ፒኖች መገናኛ ከሲሊንደሩ ጠርዝ ጋር ሲገጥም ቁልፉ ይዞራል።

ይሁን እንጂ የትኛውም ፋብሪካ ቀዳዳዎቹን ፍጹም በአንድ መስመር ሊበሳቸው አይችልም። የፀጉር ያህል መዛነፍ ይኖራል። ሲሊንደሩን ቀስ አድርጎ ለማዞር የሚገፋ ሰው ፒኖቹን ሁሉ እኩል አያጠብቃቸውም፤ በመዛነፉ የተነሳ አንዱ ቀድሞ ይያዛል። ያንን ፈልጎ ማንሳት፣ ቦታውን ሲይዝ ወደሚቀጥለው መሄድ፣ ጨዋታው ከዚህ አያልፍም። ርካሹን ቁልፍ ከውዱ ከሚለዩት ነገሮች አንዱም ይኸው የመዛነፍ መጠን ነው። ገዢ በውድ ቁልፍ ላይ የሚጨምረው ገንዘብ በከፊል የሚውለው ለአበሳሱ ጥራት ነው።

ሥራውን የሚሠራው የትኛው ነው?

ከዚህ እንደሚታየው ለሥራው የሚያስፈልጉት ሁለት መሣሪያዎች ናቸው። በአንድ እጅ ሲሊንደሩን ገፋ አድርጎ የሚይዝ መወጠሪያ፣ በሌላው እጅ ፒኖቹን አንድ በአንድ የሚያነሳ መንጠቆ። ሻጮች በማስታወቂያቸው ላይ አጉልተው የሚያሳዩት መንጠቆውን ነው። ግማሹን ሥራ የሚሠራው ግን መወጠሪያው ነው። ሠላሳ ፍሬ የያዘው ርካሽ ስብስብ ሲፈተሽ ሃያ ምናምኑ የተለያየ ቅርጽ ያለው መንጠቆ ሆኖ መወጠሪያው ሁለት ወይም ሦስት ብቻ፣ እርሱም ከሳሳ ብረት የተሠራ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ስለዚህ ጀማሪ ገዢ በመጀመሪያ ሊቆጥር የሚገባው መወጠሪያዎቹን ነው። ስፋታቸውና ውፍረታቸው የተለያየ ሦስት ወይም አራት ጠፍጣፋ መወጠሪያዎች ቢኖሩ መልካም ነው። አንዳንዶቹ በመክፈቻው ቀዳዳ የታችኛው ጠርዝ፣ ሌሎቹ በላይኛው ጠርዝ የሚገቡ ሊሆኑ ይገባል። በላይኛው ጠርዝ የሚገባው ለመንጠቆው ሰፊ ቦታ ስለሚተው ለጀማሪ ይቀላል።

ከመንጠቆዎቹ አጭርና መካከለኛ ጫፍ ያላቸው ሁለቱ አብዛኛውን ሥራ ይሸፍናሉ። እንደ መጋዝ ወጣ ገባ ጥርስ ያላቸው አንድ ወይም ሁለት መጫሪያዎች ቢጨመሩ ይበቃል። መጫሪያው ወዲያ ወዲህ ሲባል ቀላል ቁልፎችን በቶሎ ይከፍታል፤ ነገር ግን ገዢው ምን አድርጎ እንደከፈተ ሳያውቅ ነው። እርሱን ብቻ የተማመነ ሰው ሻል ያለ ቁልፍ ሲገጥመው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ሦስተኛው መመዘኛ ውፍረት ነው። በገበያው የተለመደው መንጠቆ 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው፤ ለአብዛኛው የአሜሪካ ቁልፍ የሚመች ሲሆን በቀላሉም አይጎብጥም። የአውሮፓ ቁልፎች የመክፈቻ ቀዳዳቸው ብዙ ጊዜ ጠባብና ጠማማ በመሆኑ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቀጭን መንጠቆ ይፈልጋሉ። ገዢው የሚለማመድበትን ቁልፍ ሳያውቅ ስብስብ ከገዛ የእግሩን ቁጥር ሳያውቅ ጫማ እንደገዛ ሰው ይሆናል።

አራተኛው የብረቱ ዓይነትና አጨራረሱ ነው። ጥሩ መንጠቆ ሲጎብጥ ተመልሶ ቀጥ የሚል የማይዝግ ብረት ነው። ጠርዙ በጣት ሲዳሰስ ሻካራ መሆን የለበትም። ሻካራ ጠርዝ ፒኑን እየቧጨረ የሚያልፍ ከመሆኑም በላይ ፒኑ ቦታውን ሲይዝ ለጣት የሚደርሰውን ቀጭን ስሜት ይጋርዳል። በዚህ ጨዋታ ዓይን ሥራ የለውም። ሁሉም ነገር የሚታወቀው በጣት ነው። ርካሽ መንጠቆ ገዝተው ጠርዙን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሽተው የሚያለሰልሱ አሉ። የለሰለሰው ብረት ራሱ ደካማ ከሆነ ግን ድካሙ ከንቱ ነው።

ዋጋውና የተደበቀው ወጪ

በጥቅሉ ለጀማሪ የሚበቃ ደህና ስብስብ በአሜሪካ ገበያ ከ30 እስከ 50 ዶላር ባለው ዋጋ ይገኛል። የባለሙያ የሚባለው ከ100 ዶላር በላይ ይሄዳል። ጀማሪው በርካሹ ቢጀምር ብዙም የማይጎዳ ይመስለዋል። ጉዳቱ ግን ከገንዘቡ ይልቅ በመደምደሚያው ላይ ነው። መወጠሪያው እየጎበጠ፣ መንጠቆው ቀዳዳው ውስጥ እየተቀረቀረ ሁለት ሳምንት የታገለ ሰው «እጄ አልተባረከም» ብሎ ይተወዋል። ጥፋቱ የብረቱ መሆኑን የሚነግረው የለም።

በመሆኑም ከገንዘቡ ከፊሉን ለመለማመጃ ቁልፍ ማስቀረት ብልህነት ነው። ከሚያሳይ ፕላስቲክ የተሠሩ መለማመጃዎች የቁልፉን አሠራር ለማየት ይረዳሉ። ይሁንና ልቅ ሆነው ስለሚሠሩ ጣትን አያስተምሩም። እውነተኛ ጓጉንቸር ይሻላል። የአሜሪካው ማስተር ሎክ ቁጥር 3፣ በተደራረበ ቆርቆሮ የተሠራውና ባለአራት ፒኑ፣ የብዙ ጀማሪዎች የመጀመሪያ ፊደል ነው። ፒኖቹ ወጥተው የሚገቡለት መለማመጃ ሲሊንደር ያገኘ ደግሞ በአንድ ፒን ጀምሮ ሁለት፣ ሦስት እያለ ሊያድግ ይችላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

የጀማሪ ሁሉ የጋራ ስሕተት ጉልበት ነው። መወጠሪያውን አጥብቆ ሲገፋ ፒኖቹ ሁሉ ተጨናንቀው የቱ ቀድሞ እንደተያዘ መለየት ያቅተዋል። የሚፈለገው ጉልበት የካልኩሌተር ቁልፍ ለመጫን ከሚበቃው ብዙም አይበልጥም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ከመግዛት በፊት ሕግ

ሌላው ሊዘነጋ የማይገባው ወጪ የሕግ ነው። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች መሣሪያውን መያዝ ለወንጀል ካልታሰበ በቀር አያስጠይቅም። በእንግሊዝ የ1968 የስርቆት ሕግ ለስርቆት የሚሆን መሣሪያ ለዚያው ዓላማ ይዞ ከቤት መውጣትን ይቀጣል። በጃፓን ግን በ2003 የወጣው ሕግ ያለ በቂ ምክንያት መሣሪያውን መያዝን ራሱን ወንጀል አድርጎ እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 500,000 የን መቀጫ ደንግጓል። ስለሆነም ገዢ ከማዘዙ በፊት የሚኖርበትን አገር ሕግ መጠየቅ፣ በሻንጣው ይዞ ከመጓዙ በፊትም የሚደርስበትን አገር ሕግ ማጣራት ይኖርበታል። ለ40 ዶላር ዕቃ ፍርድ ቤት መቆም ኪሳራ ነው።

የሻጭ ቃልና የፈታኝ እጅ

ይህ ጨዋታ ከንግድ ጋር ያለው ዝምድና የቆየ ነው። በለንደን ፒካዲሊ መንገድ የብራማ ኩባንያ የሠራውን ቁልፍ በመስኮቱ ላይ አስቀምጦ ለሚከፍተው ሰው 200 ጊኒ እንደሚሸልም ጽፎ ነበር። ቁልፉ ለበርካታ አሥርት ዓመታት ተፈታኝ አጥቶ ኖረ። በ1851 በታላቁ የለንደን ኤግዚቢሽን ላይ የኒውዮርኩን የዴይ ኤንድ ኒዌል ቁልፍ ሊያስተዋውቅ የመጣው አሜሪካዊው አልፍሬድ ሆብስ በመጀመሪያ «አይከፈትም» የተባለለትን የቸብ ቁልፍ በ25 ደቂቃ ገደማ ከፈተ። ቀጥሎ ወደ ብራማ ሄዶ በ16 ቀናት ውስጥ 51 ሰዓት ሠርቶ ያንንም ከፈተው። ሆብስ ሌባ አልነበረም፤ ሻጭ ነበር። የተፎካካሪን ዕቃ በአደባባይ መፈተን ለራሱ ዕቃ ማስታወቂያ ሆነለት። የእንግሊዝ ቁልፍ ሠሪዎችም በእልህ ሥራቸውን ማሻሻል ግድ ሆነባቸው።

ዛሬም ጠረጴዛ ላይ ጓጉንቸር ይዞ የሚታገለው አማተር የሚሰጠው ጥቅም ይኸው ነው። ማሸጊያው ላይ «ከፍተኛ ጥበቃ» ተብሎ የተጻፈበት ቁልፍ በጀማሪ እጅ በደቂቃዎች ውስጥ ሲከፈት ገዢው የከፈለው ለጽሑፉ እንጂ ለቁልፉ እንዳልሆነ ይታወቃል። በእርግጥ መጋዘን ለመስበር የሚመጣ ሌባ በአብዛኛው የሚይዘው መንጠቆ ሳይሆን ፌሮና የብረት መቁረጫ ነው። ስለዚህ ነጋዴ ለመጋዘኑ ጓጉንቸር ሲመርጥ የቀለበቱን ውፍረትና ማያያዣውንም መመልከት አለበት። ሆኖም በብዙ መቶ ሺህ ብር ሸቀጥ ላይ ገበያው ውስጥ ካለው ሁሉ ርካሹን ጓጉንቸር አንጠልጥሎ «ጎትቼው እምቢ አለኝ» ብሎ መተኛት የአንድ ሌሊት እንቅልፍ እንጂ ጥበቃ አይደለም።

ለጀማሪው አማተርም ሆነ ለባለመጋዘኑ ምክሩ አንድ ነው። ፍሬ ከመቁጠርና ማሸጊያ ከማንበብ በፊት ብረቱን በጣት ዳሰስ ማድረግ ይቀድማል።