የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ የጤና መድን ወጪና የመክፈል አቅም

የደቡብ አፍሪካው የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ (ኤ ኤን ሲ) መላውን ሕዝብ በአንድ የመንግሥት ፈንድ የሕክምና ተጠቃሚ ለማድረግ ያቀረበው ዕቅድ ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። ፓርቲው በዕቅዱ ላይ የወሰነው እኤአ በ2007 በፖሎክዋኔ ባካሄደው ጉባዔ ሲሆን፣ ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎሳ ሕጉን የፈረሙት አጠቃላይ ምርጫ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እኤአ ሜይ 15 ቀን 2024 ነው።

የክርክሩ መነሻ የጤና ወጪው ክፍፍል ነው። አገሪቱ ከጠቅላላ ምርቷ 8 ነጥብ 5 ከመቶ ያህሉን ለጤና ታውላለች። የዚህ ገንዘብ ግማሽ ያህል የሚወጣው ግን የግል የሕክምና መድን አባላት ለሆኑት 16 ከመቶ ገደማ ዜጎች ነው። ቀሪው ሕዝብ በአብዛኛው የሚታከመው ወረፋ በበዛባቸው የመንግሥት የጤና ተቋማት ነው።

የዕቅዱ ደጋፊዎች ገንዘቡ በአገሪቱ እንዳለና የጎደለው ፍትሐዊ ክፍፍል እንደሆነ ይከራከራሉ። ፈንዱ ዋነኛ የአገልግሎት ገዢ ሲሆን ከሆስፒታሎችና ከመድኃኒት አቅራቢዎች ጋር በዋጋ የመደራደር አቅም እንደሚኖረውም ያስረዳሉ።

ዲሞክራቲክ አላያንስን ጨምሮ ተቃዋሚዎች በበኩላቸው፣ ለግል መድን የሚከፈለው ገንዘብ የቤተሰቦች እንጂ የመንግሥት አለመሆኑን ያመለክታሉ። ገንዘቡ ወደ ፈንዱ የሚገባው በግብር መልክ ከተሰበሰበ ብቻ ነው። ሕጉም የደመወዝ ግብርንና በግል ገቢ ላይ የሚጣል ተጨማሪ ክፍያን በምንጭነት ይጠቅሳል። የዴቪስ የግብር ኮሚቴ እኤአ በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ የማያቋርጥ የኢኮኖሚ ዕድገት ከሌለ ዕቅዱ ዘላቂ ሊሆን እንደማይችል አሳስቧል።

የወጪውን ልክ ማስላትም ቀላል አልሆነም። እኤአ በ2011 የወጣው የመንግሥት ረቂቅ ሰነድ በ2025 የሚያስፈልገውን ገንዘብ በ2010 ዋጋ 255 ቢሊዮን ራንድ ገምቶ ነበር። በ2024 የተፈረመው ሕግ ግን ፈንዱ የሚሸፍናቸውን ሕክምናዎች ዝርዝር ወደፊት እንዲወሰን ተወው። ዝርዝሩ እስካልታወቀ ድረስ ማንኛውም ግምት ከግምት አያልፍም።

አዲስ ግብር መጣል ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ እኤአ በ2025 ታይቷል። በምርጫው የብዙኃን መቀመጫ ያጣው ኤ ኤን ሲ የሚመራው ጥምር መንግሥት የተጨማሪ እሴት ታክስን ከ15 ወደ 17 ከመቶ ለማሳደግ ቢያስብም፣ በአጋር ፓርቲዎች ተቃውሞ የበጀቱ ንግግር ተራዝሟል። ጭማሪው ከተቀነሰ በኋላም በኤፕሪል ወር ተሰርዟል።

ስለሆነም የዕቅዱ ዕጣ ፈንታ የሚወሰነው አገሪቱ በድምሩ በምታወጣው ገንዘብ ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ መንግሥት ከዚያ ውስጥ በግብር ሊሰበስብ በሚችለው መጠንና ፈንዱ በሚገባው የአገልግሎት ልክ ነው።