ጨዋታው ሲከፈት መስኮቱ ካልተስተካከለ ምን ማድረግ ይገባል?

በጀውሃ ወይም በሸዋ ሮቢት ተዘጋጅቶ አዲስ አበባ ለሚገኝ ገምጋሚ የተላከ የኮምፒውተር ጨዋታ «ጀምር» የሚለው ቁልፉ ከስክሪን ውጭ ከሆነ፣ የወራት ድካም ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ዩኒቲ በተሰኘው ሶፍትዌር ለሚሠሩ አዘጋጆች ችግሩ በአብዛኛው ከሚከተሉት ምክንያቶች ይመነጫል።

1. የቀረው የመነሻ መስኮት፦ ቀደም ባሉት እትሞች ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የስክሪን መጠን የሚያስመርጥ መስኮት ይከፈት ነበር። ይህ አገልግሎት ከ2019.3 እትም ጀምሮ ተነሥቷል። በመሆኑም መጠኑን አስቀድሞ መወሰን የአዘጋጁ ኃላፊነት ነው።

2. ያልተሟላ ቅንብር፦ በ«ፕሌየር ሴቲንግስ» ሥር «ሪዞሉሽን ኤንድ ፕሬዘንቴሽን» የሚለውን ከፍቶ «ፉልስክሪን ሞድ»ን ወደ «ዊንዶውድ» መለወጥ፣ ከዚያም ስፋትና ቁመቱን መሙላት ያስፈልጋል። 1366 በ768 በሆነ የላፕቶፕ ስክሪን ላይ የመስኮቱ ርእስና የታችኛው አሞሌ ቦታ ስለሚይዙ፣ 1280 በ720 ከሚሆን ይልቅ 1024 በ576 ቢመረጥ በሙሉ ይታያል።

3. የተቀመጠ አሮጌ መጠን፦ ጨዋታው መጨረሻ ላይ የነበረውን የመስኮት መጠን በዊንዶውስ ሬጅስትሪ ውስጥ በድርጅቱና በጨዋታው ስም ያስቀምጣል። ስለዚህ ቅንብሩ ተስተካክሎ እንደገና ቢዘጋጅም የቀድሞው መጠን ሊመለስ ይችላል። መዝገቡን መሰረዝ መፍትሔ ቢሆንም፣ እዚያው የተቀመጡ የተጫዋቹ ነጥቦችም አብረው እንደሚጠፉ መገንዘብ ይገባል።

አዘጋጆች ሥራቸውን ከማስረከባቸው በፊት ጨዋታው ተከፍቶበት በማያውቅ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሊሞክሩት ይገባል። ገምጋሚው የሚያየው በዚያ ኮምፒውተር ላይ የሚታየውን ነውና።